ማታ ጊታር ለሚጫወት ሰው ባለ 1 ዋት ቲዩብ አምፕ ይሻላል?

የምጫወተው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ያለኝ በሁለት ኢኤል84 ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ባለ 15 ዋት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ሲሆን ስፒከሩ 12 ኢንች፣ 8 ኦም ነው። ቮልዩሙ 1 ላይ ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል፤ ወደ 2 ትንሽ ነካ ሳደርገው ጎረቤት ይሰማል። ትዝታ ስጫወት የምፈልገው፣ ክሩን ጠንከር አድርጌ ስመታው ብቻ ሻከር የሚለውን ድምፅ ነው። እሱ ደግሞ ቮልዩሙ ከ5 በታች ሲሆን አይመጣም።

መጀመሪያ ኢፌክት ሉፑ ላይ (ከፓወር ቲዩቦቹ በፊት ያለው የአምፑ መውጫና መግቢያ) የድምፅ መቀነሻ ገጠምኩ። ጩኸቱ ቀነሰ፤ ግን ፓወር ቲዩቦቹ (ሁለቱ ኢኤል84) ስለማይጫኑ ሻካራነቱም አብሮ ጠፋ። ቀጥዬ በአምፑና በስፒከሩ መካከል ባለ 8 ኦም አቴንዌተር፣ ማለትም ወደ ስፒከሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቀንስ መሣሪያ፣ አስገባሁ። 8 ዴሲቤል ሲቀንስ ግሩም ነው፤ 20 ላይ ግን ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ይታፈናል። ድምፅ ሲያንስ ጆሮ ቤዙን በደንብ እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ጥፋቱ የጆሮ ይሁን የአቴንዌተሩ ግን መለየት አልቻልኩም።

ከ15 ወደ 5 ዋት መውረድ የሚቀንሰው 5 ዴሲቤል ገደማ ስለሆነ ተውኩት። ወደ 1 ዋት ግን 12 ገደማ ነው። ታዲያ ይህንኑ ስፒከር ይዤ ባለ 1 ዋት ሄድ (ስፒከር የሌለው አምፕ) ብገዛና አቴንዌተሩን 8 ዴሲቤል ላይ ባደርገው፣ በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ መታፈኑ ይቀራል ወይስ እንዳለ ይቀጥላል?