ባለ 40 ሚሊ ላሜራ የሕንፃ ኮለን በምን ይበየድ?

የወንጂ መውጫ ብረታ ብረት
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ወደ ወንጂ መውጫ ላይ ትንሽ የብረት ሥራ ቤት አለኝ። እስካሁን የምሠራው በርና የመጋዘን ጣሪያ ነበር። አሁን የሕንፃ ኮለን መጣልኝ። ከባለ 40 ሚሊ ላሜራ የሚገጠም ቦክስ ነው፤ ብረቱ ኤ572 ግሬድ 50። ግቢዬ ውስጥ ገጥሜ ሳይት ላይ እቀጥለዋለሁ። ልጆቹ «በሚግ በሲኦቱ እንጨርሰው» ይሉኛል፤ ያ ብየዳውን በጋዝ እየሸፈነ በሽቦ የሚበይደው። እኔ ያደግኩት በ6013 ኤሌክትሮድ ነው። ኮንሰልታንቱ ደግሞ በአልትራሳውንድ አስፈትሻለሁ ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቆቡን_ያወለቀ
7018 ኤሌክትሮድ። 6013ን ለበርህ ተወው።

ፋብሪኬሽን ቤት የከረመች
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድሮዊንጉን ግለጠው። የቦክሱ ማዕዘን ከላይ እስከ ታች በሙሉ ውፍረቱ ይበየድ ይላል? ብዙ ጊዜ ሙሉው የሚፈለገው ቢም የሚገባበትና ኮለን ከኮለን የሚቀጠልበት አካባቢ ነው። ዲዛይነሩ ካልጻፈው ግን በራስህ እንዳትቀንስ።

ለረጅሙ ቀጥ ያለ መስመር ሰብመርጅድን የሚያህል የለም፤ ያ በዱቄት ተሸፍኖ የሚበየደው። ኮለኑ ተጋድሞ ነው የሚሠራው፤ በቆመ ነገር ላይ ዱቄቱ ይፈሳል። ለአንድ ሥራ ብለህ ማሽን አትግዛ፣ ያለው ቤት ወስደህ አሠራ። እነሱም ቢሆኑ አምፒር ጨምረው ቶሎ ለመገላገል ሲሞክሩ ዝም አትበል። የአንዱ መስመር ጥልቀት ከስፋቱ ከበለጠ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ከሄዱም ኮለኑ ይጎብጣል፤ እያፈራረቁ ይሥሩት።

ሲኦቱን በተመለከተ፣ እናንተ እኮ አዳማ ናችሁ! ያ ሁሉ ተርባይን ከከተማው አጠገብ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። ነፋሱ ጋዙን ሲጠርገው ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የአሜሪካው የብየዳ ኮድ ዲ1.1 በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር የበለጠ ነፋስ ካለ ካልጋረድክ በጋዝ አትበይድ ይላል። ይህ ቅጠል የሚያወዛውዝ ነፋስ ነው። ልጆቹ ፍጥነቱን ነው ያዩት።

ሳይት ላይ ስትቀጥል በ7018 ሥራ። ለ40 ሚሊ ብረቱን ቢያንስ 65 ዲግሪ አሙቀው። ሙቀቱን የምትለካው ከመገጣጠሚያው 75 ሚሊ ራቅ ብለህ ነው፣ እሳቱ ያረፈበት ላይ አይደለም። ኤሌክትሮዱ ከሚቀመጥበት የ120 ዲግሪ ማሞቂያ ከወጣ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይ።

የወንጂ መውጫ ብረታ ብረት
እህቴ፣ ተባረኪ። ማሞቂያ ግን የለኝም። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ባደርቀውስ? አትሳቂብኝ።

ፋብሪኬሽን ቤት የከረመች
ሳቅኩ፣ ይቅርታ 😄 እርጥበት የገባበት 7018 ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለሁለት ሰዓት ይጋገራል፤ ያውም አንዴ ብቻ። ምጣዱ ከሥር ብቻ ያሞቃል፣ ስንት ዲግሪ እንደደረሰም አታውቅ። በእጅ የሚያዝ ትንሽ ማሞቂያ አለ፣ በያጁ አጠገብ ይሰካል። እሱን በዋጋህ ውስጥ አስገባው።

ሪፍት ቫሊ
ጋዝ የማይፈልገው፣ ውስጡ ዱቄት ያለበት የፍላክስ ኮር ሽቦስ? ነፋስ ይችላል፣ ከኤሌክትሮድም ይፈጥናል።

ፋብሪኬሽን ቤት የከረመች
ይሆናል፣ ግን ካርቶኑን አንብብ። 71ቲ-8 የሚባለው ሽቦ ከዜሮ በታች በ29 ዲግሪ ቅዝቃዜ የድንገተኛ ምት ፈተና ማለፍ አለበት። 71ቲ-11 ግን ይህ ግዴታ የለበትም። ስምጥ ሸለቆ ላይ፣ መሬት በሚንቀጠቀጥበት አገር፣ ለኮለን 71ቲ-11 አልገዛም። ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ሁለቱም አንድ ነው» ማለታቸው አይቀርም።