የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ፦ አንድ ከተማ ላይ ይሰብሰብ ወይስ ወደየሜዳው ይመለስ?

አወያይ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መከራከሪያችን ብዙ ሰው የማያየው ሊግ ነው። ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ድሮ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች አንዱ የሌላው ሜዳ እየሄደ በደርሶ መልስ ይጫወቱ ነበር። 2012 ላይ ኮሮና መጣና ውድድሩ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ሲመለስ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ገብተው፣ አልጋ ይዘው፣ በጥቂት ቀን ልዩነት እየተጫወቱ ዙሩን ጨርሰው እንዲበተኑ ተደረገ። አንዴ ሐዋሳ፣ አንዴ አዳማ እያለ። ኮሮናው አለፈ፤ አሰራሩ ግን አለቀቀንም።

እኔ ይብቃ ባይ ነኝ፤ ገና ከጅምሩ ልናገር። ውድድሩን ስከታተል የማየው ይሄንን ነው። በሥራ ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጨዋታ ይጀመራል። ጥላ ባለበት በኩል ጥቂት ሰው ተቀምጧል። የአሰልጣኙ ድምፅ ከነቁጣው ጥርት ብሎ ይሰማል። ጎል ሲገባ የሚያጨበጭበው ቀጥሎ የሚጫወተው ቡድን ነው፤ እሱም ታኬታውን እያሰረ። የአርባ ምንጭ ቡድን ለአርባ ምንጭ ሰው ካልተጫወተ ለማን ነው የሚጫወተው? እስቲ ወዲህ በሉ።

ሒሳብ ሹም፦
አወያያችን፣ ልብህ ጥሩ ነው፤ ከፋዩ ግን አንተ አይደለህም። እኔ የአንድ ከተማ ክለብ ሒሳብ ላይ ሠርቻለሁ። ገንዘቡ የሚመጣው ከከተማ አስተዳደሩ ነው። መጀመሪያ የወንዶቹ ቡድን ይወስዳል። የተረፈው ለሴቶቹ ነው፤ ከተረፈ።

አሁን አብረን እናስላ። 14 ክለብ ያለው ሊግ ለአንድ ቡድን 26 ጨዋታ አለው። 13ቱ ከሜዳ ውጭ ናቸው። ከአርባ ምንጭ ድሬዳዋ ረጅም መንገድ ነው። በአውቶቡስ መሄጃው ሁለት ቀን፣ መመለሻው ሁለት ቀን። መሃል ላይ አልጋ፣ ምግብ፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበል። ያ ሁሉ ለ90 ደቂቃ። አንድ ከተማ ላይ ሲሆን አንድ ፔንሲዮን ትዋዋላለህ፣ አንድ ምግብ ቤት ትይዛለህ፣ አለቀ። ሽልማትና የቲቪ ገንዘብ በሌለበት ሊግ ደርሶ መልስ ማለት ግማሹን ክለብ ማፍረስ ማለት ነው። ደደቢትን አትርሱ። 2008፣ 2009፣ 2010 በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው። ሻምፒዮን መሆኑ ከመፍረስ አላዳነውም።

ሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ ሒሳብ ሹም፣ ደደቢትን ያፈረሰው የአውቶቡስ ነዳጅ ነው እንዴ? ክለቡ ራሱ ገንዘብ አጠረው። ደደቢት የፈረሰው ደግሞ ይሄ አንድ ከተማ የመሰብሰብ ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው።

እኔ የሐዋሳ ሰው ነኝ። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ዱራሜ ነው ያደገችው፤ የጀመረችው ግን እዚህ ሐዋሳ ከተማ ነው። ከዚያ ደደቢት፣ ከዚያ አዳማ፤ በ2011 አዳማ ዋንጫውን ሲያነሳ እሷ ነበረች። ከዚያ ማልታ፣ ቢርኪርካራ የሚባል ክለብ ሄዳ የሊጉ ሻምፒዮንም ኮከብ ጎል አግቢም ሆነች። ይህቺ ልጅ እኮ ከክፍለ ከተማ ቢሮ አልወጣችም። በየከተማው ሜዳ ነበረ፣ በየሜዳው ቡድን ነበረ፣ አንዱ አያት። ዛሬ ዲላ ያለች የ12 ዓመት ልጅ የጌዴኦ ዲላን ልጆች በዓይኗ የምታየው መቼ ነው? ቡድኑ በከተማዋ ስም ይጠራል፤ ጨዋታው ግን ሌላ ከተማ ነው።

የቄራ ልጅ፦
ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አልነካችሁትም። ዲላም ላይ ይጫወቱ ጨረቃ ላይ፣ ዋንጫውን የሚወስደው ንግድ ባንክ ነው። 2013፣ 2014፣ 2015፣ 2016! ሊጉ ሲጀመር ሻምፒዮኑ ከታወቀ ደጋፊ ምን ሊያይ ይመጣል?

ሐይቅ ዳር፦
@የቄራ ልጅ ንግድ ባንክን አትውቀስ። ደሞዝ በወሩ ይከፍላል። ሌላ ቦታ ሦስት አራት ወር ያልተከፈላት ልጅ ፊርማ ሲቀርብላት እምቢ ትበል? እኔም ብሆን እሄዳለሁ።

ይልቅ የንግድ ባንክ ታሪክ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። የሴካፋ ማጣሪያ ማለት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ለማለፍ የሚጫወቱት ነው። እዚያ በ2013 ማብቂያ ናይሮቢ ላይ ፍጻሜ ደርሰው በኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ ተሸነፉ። በ2015 ክረምት ኡጋንዳ ላይ ፍጻሜ ደርሰው በታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ በመለያ ምት ተሸነፉ። በ2016 ነሐሴ ውድድሩ አዲስ አበባ መጣ። አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ በራሳቸው ሰው ፊት፣ ኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን አሸንፈው ለአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ አለፉ። ያው ክለብ፣ ያው አሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው። የተለየው ምን ነበር? ሕዝቡ።

ሒሳብ ሹም፦
ሐይቅ ዳር፣ ጥሩ አድርገህ አቅርበኸዋል። አንድ ነገር ግን ዘለልክ። የሴካፋ ማጣሪያው ራሱ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ የሚደረግ ውድድር ነው! በየጥቂት ቀኑ ጨዋታ፣ ሆቴል፣ ያው ሜዳ። ልጆቻችን የለመዱት እሱን ስለሆነ ነው ያሸነፉት ብልህስ? ሞሮኮ ላይ በነበረው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ደግሞ ከምድባቸው አላለፉም። በአንድ ፍጻሜ ሕግ አይወጣም።

የቄራ ልጅ፦
ይቺ ጎል ናት 😄

በረኛ ነበርኩ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ ደጋፊና ስለ ደረሰኝ ነው የምታወሩት። እኔ ሁለቱንም ተጫውቼዋለሁ፤ ደርሶ መልሱንም፣ ይሄኛውንም። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

የደርሶ መልስ ናፍቆት ያለባችሁ አውቶቡሱን አልተሳፈራችሁም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ፣ ጉልበትን ወንበር ውስጥ አጥፎ፣ ማታ ደርሶ፣ በማግስቱ መጫወት ነው። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ሹፌሩን ቁም ለማለት ታፍራለች። ወንድ ወጌሻ ነው ያለን፤ ለሱም አትናገርም። መንገድ ላይ ባለ ሆቴል ሽንት ቤቱ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እና ጎል ሲገባብኝ «ፈዘዘች» ይሉኛል።

ታዲያ አንድ ከተማ መሰብሰቡ ይሻላል? እሱንም ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን እናድራለን፤ ሁለት አልጋ፣ መሬት ላይ ደግሞ ሁለት ፍራሽ። ማልያው አንድ ሙሉ ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ሻወር ቤት ውስጥ በላስቲክ ሳፋ እናጥባለን፣ በረንዳ ላይ እናሰጣለን። ዝናብ ከመጣ እርጥቡን ለብሶ መጫወት ነው። የበረኛ ጓንት ደግሞ ቶሎ አይደርቅም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር የማሰጣው፣ ሲሞቅ ስለሚያደርቀው። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት ሌላ ነው። ኮሌጅ ተመዝግቤ ነበር። አንዱ ዙር ብቻ ከቤት ለሳምንታት ያወጣሃል። አንዱ መምህር ታገሰኝ፣ ሌላው «ወይ ኳሱን ወይ ትምህርቱን» አለኝ። ኳሱን መረጥኩ። አሁን ኳሱም የለም።

እኛ እኮ ሙሉ ፕሮፌሽናል አይደለንም። ስሙ ፕሪሚየር ሊግ ነው እንጂ ጎን ለጎን የምትማር፣ ሱቅ የምትሠራ፣ ልጅ ያላት ትጫወታለች። በደርሶ መልስ ጊዜ ቢያንስ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቤትሽ ነሽ። አሁን ግን ልጅሽን ለእናትሽ ሰጥተሽ ትሄጃለሽ። በቪዲዮ ጥሪ ነው የምታሳድጊው።

አወያይ፦
እህቴ፣ ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን። ግን ልጠይቅሽ፣ ምርጫው ለአንቺ ቢሰጥ የቱን ትወስጃለሽ?

በረኛ ነበርኩ፦
ደርሶ መልሱን። ግን አጭር አጭሩን።

ኮች፦
ልጄ የመጨረሻዋ ቃል ላይ ሁሉን ነገር ተናግራለች። አጭር አጭሩን።

እኔ ከዞኑ ጊዜ ጀምሮ አለሁ። አንዳንዶቻችሁ አታስታውሱት ይሆናል። ደደቢት ዋንጫ በሚወስድበት ዘመን ሊጉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ማዕከላዊ ሰሜን ዞንና ደቡብ ምስራቅ ዞን። ክለቦች በዞናቸው በደርሶ መልስ ይጫወታሉ፤ ከየዞኑ ያለፉት ደግሞ አንድ ከተማ ተሰብስበው ይለይላቸዋል። ሐዋሳና ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ናቸው። ጠዋት ተነስተህ ተጫውተህ ማታ ቤትህ ትገባለህ። አልጋ የለ፣ አበል የለ። ሒሳብ ሹም፣ ለዚህ ምን ትላለህ?

ሌላው የሰውነት ነገር ነው። በሦስት ቀን አንዴ ማጫወት ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ኳስ ይጫወታሉ። በሦስተኛው ሳምንት ኳስ ማባረር ብቻ ነው። ጉልበቷ ያበጠ ልጅ ላይ በረዶ አስረህ ከሁለት ቀን በኋላ ታስገባታለህ፤ ምትክ የላትምና። የጉልበቷ መስቀል ጅማት የተበጠሰባት ልጅ ማን ያሳክማታል? ብዙ ጊዜ ቤተሰቧ ነው።

የቄራ ልጅ፦
ኮች፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ በዞን ሲሆን ንግድ ባንክ፣ መቻልና ኤሌክትሪክ አዲስ አበባ ላይ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ለነሱ የታክሲ ሒሳብ ነው። ድሬዳዋስ? ማን ጎረቤት አላት? እሷ ሁልጊዜ ሩቅ ሄዳ ነው የምትጫወተው። ደግሞ ደካማ ዞን ከጠንካራ ዞን እኩል ሰው ያሳልፋል። እኔ አልገዛውም።

ኮች፦
የድሬዳዋው እውነት ነው። ለሷ ፌዴሬሽኑ የትራንስፖርት ድጎማ ያድርግ። ለ13 ጉዞ ከመደጎም ለስድስት መደጎም ይቀላል።

ከዲሲ፦
ከዚህ ሆኜ ጣልቃ ልግባ። ሎዛ እ.ኤ.አ. በ2024 እዚህ ላለው ዲሲ ፓወር ክለብ ስትፈርም እኛ እዚህ ያለነው ባንዲራ ይዘን ሜዳው ኦዲ ፊልድ የሄድነው ስለ አሜሪካ የሴቶች ሊግ አውቀን አይደለም። የኛ ልጅ ስለሆነች ነው። ሰው የሚወጣው ለራሱ ልጅ ነው። ዱራሜም ቢሆን፣ ዲሲም ቢሆን።

ግን ቲቪውን ለምን ዘለላችሁት? የወንዶቹ ሊግ በ2013 ዲኤስቲቪ የገባው በአምስት ዓመት 22.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንድ ቦታ ቢሰበሰቡ ለሴቶቹም ካሜራ መትከል አይቀልም?

አወያይ፦
ያ ውል የወንዶቹ ሊግ አክሲዮን ማኅበር ውል ነበር። የሴቶቹ ሊግ ፌዴሬሽኑ ሥር ስለሆነ እዚያ ውስጥ አልነበረበትም። አንድ ከተማ መሰብሰቡ ለወንዶቹ የካሜራ ምክንያት አለው። ለሴቶቹ የወንዶቹን ልብስ ሳይለካ ማልበስ ነው። ባዶ ስታዲየም ማሳየትም ለስፖንሰር ብዙ አይሸጥም። ታንዛኒያን እዩ፤ ሲምባ ኩዊንስና ያንጋ ፕሪንሰስ ሲገናኙ የወንዶቹ ፉክክር አብሮ ይመጣል። ሲምባ ኩዊንስ እ.ኤ.አ. በ2022 በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። እኛም ዘንድ እኮ መቻል አለ፣ አዳማ አለ፣ ሐዋሳ አለ። የወንዶቹ ደጋፊ ማልያ ለብሶ ቅዳሜ ሜዳ ይሄዳል። ሴቶቹን ከሱ በፊት 7 ሰዓት ላይ ማጫወት ምን ያህል ያስወጣል?

ሒሳብ ሹም፦
እሱ እንኳ አይሆንም። የወንዶቹም ሊግ በተመረጡ ከተሞች ስለሚዞር ቅዳሜ የወንዶቹ ቡድንም ከተማው ውስጥ የለም። እኔ ስለ ዞኑ ግን ለኮች መልስ አለኝ። የዲላና የሐዋሳ ዓይነት ጨዋታ ከሆነ ክለብ ይችለዋል። ገንዘቡን አስቀድሞ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ ላይ ለማስያዝ ግን ፕሮግራሙ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ጨዋታው የትና መቼ እንደሚጀመር ዘግይቶ የሚነገረው ክለብ በምን ወረቀት ነው በጀት የሚጠይቀው? ግማሹ ችግራችን እሱ ነው። ፎርማት ፎርማት ትላላችሁ፣ መርሐ ግብሩ ሐምሌ ላይ ይውጣ።

ሐይቅ ዳር፦
በዚህ አልከራከርህም። መግቢያስ ስንት ታስከፍላለህ?

ሒሳብ ሹም፦
20 ብር። ለዳኞች ውሃ ከበቃ።

ሐይቅ ዳር፦
ለሴት ተማሪዎች በነጻ አድርገው፣ ቀሪውን አስከፍል። የዩኒፎርም ሸሚዝ የለበሰች ሁሉ ትግባ።

የቄራ ልጅ፦
እኔስ? እኔም ዩኒፎርም አለኝ፤ የጥበቃ ነው እንጂ።

በረኛ ነበርኩ፦
አንተ ክፈል። እና አደራ፣ ለተጫዋቾቹ ልብስ መቀየሪያው ቤት በር መሸጎሪያ ይኑረው። ባለፈው የተጫወትንበት ላይ አንዷ በጀርባዋ ደግፋ ትይዝልን ነበር።