ውርጭንና ክሽክሽን በአንድ ጨርቅ መከላከል ይቻላል?

ጠያቂ (ሱሉልታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በጓሮዬ ድንች፣ ቲማቲምና ጥቅል ጎመን አለኝ። ባለፈው ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባመሸበት ቀን ውርጩን ፈርቼ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መደቡን በላስቲክ ሸፈንኩት፤ ጠዋት ስገልጠው ላስቲኩን የነካው ቅጠል ሁሉ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት መስሎ ጠውልጎ ነበር፤ ረፋድ ላይም ጠቆረ። ጨርቅ ይሻል ይሆን? ጎመኑንስ ከክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ ከሚመጠው ትንሽ ተባይ) ያድንልኛል?

መልስ (ሆለታ)፦
ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ጎድቶዎታል። መሬት ቀን የጠጣውን ሙቀት ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጠራው ሰማይ መልቀቅ ስለሚጀምር፣ በ3 ሰዓት የሸፈኑት ብዙ ሙቀቱን ያጣ መደብ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ነው። እኔ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አለብሳለሁ፤ አፈሩ ከደረቀም ረፋዱን አጠጣዋለሁ፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛልና። ጨርቁ ቅጠል እንዳይነካ ቀርከሃ አጉብጬ እተክላለሁ፣ ጠርዙንም በአፈር እቀብረዋለሁ። ለዚሁ ሥራ የሚመረተው ነጭ ጨርቅ፣ በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 50 ግራም የሚመዝነው፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ይከላከላል። አሮጌ አንሶላም ይሆናል፤ ብርሃን ስለሚከለክል ግን ጠዋት መነሣት አለበት።

መልስ (ለገጣፎ)፦
ለተባይ የሚሆነው ቀን ከሌት ሳይነሣ የሚቆየው ስሱ፣ 17 ግራም ገደማ የሆነው ነው። ችግኙ በተተከለበት ዕለት ካልለበሰ ግን ጥቅም የለውም፤ ክሽክሽ ያለ ወንድ የሚራባ በመሆኑ ከውስጥ የቀረች አንዲት ብቻ መደቡን ትሞላዋለች፤ የሚበላት ጥንዚዛም ከውጭ ይቀራል። አጎበር የሚመክሩ አሉ፤ አልስማማም። ቢራቢሮን ቢያግድም ትንንሹ ክሽክሽ በቀዳዳው ያልፋል፣ ለወባ የተሰጠም ከሆነ ቦታው አልጋ ላይ ነው። ጥቅል ጎመን ሳያብብ ስለሚበላ እስኪቆረጥ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ዱባና ዝኩኒ ግን ንብ ስለሚፈልጉ ሲያብቡ ይገለጡ።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ የጎመኑን ቅጠል ጀርባ ባየው ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ግራጫ ነገር ተጣብቆበታል። አሁን ልሸፍነው?

መልስ (ለገጣፎ)፦
እሱ ራሱ ክሽክሽ ነው፤ አሁን አይሸፍኑት። የተወረረውን ቅጠል ቆርጠው ያርቁ፣ የቀረውን ጀርባ ጀርባውን በቀጭን የሳሙና ውሃ ይጠቡ፤ ከ3 ቀን በኋላ ደግመው አይተው ንጹሕ ከሆነ ብቻ ያልብሱት።