ከግጥም ሙያ ቃላት ጥቂቶቹ፦ ግጥም፣ ቅኔ፣ ሐረግ፣ ቤት፣ ቀለም

«ገጣሚ» እና «ባለቅኔ» የሚሉትን ቃላት አንዱን በሌላው ቦታ እየተኩ መናገር የተለመደ ነው፤ ሁለቱም የአክብሮት መጠሪያዎች በመሆናቸው የሚቀየም የለም። የበቀሉበት ግንድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ አንደኛው የእጅ ሥራን፣ ሌላኛው አገልግሎትን ያመለክታል። በመሆኑም ልዩነታቸው ሊጠበቅ ይገባል ባይ ነኝ።

«ግጥም» የወጣው «ገጠመ» ከሚለው ግሥ ነው። ክዳን ከድስቱ አፍ ጋር ሲስማማ ገጠመ ይባላል፤ ሁለት ቡድኖች ለውድድር ሲገናኙ ግጥሚያ፣ ሰው ያላሰበው ነገር ሲደርስበት ገጠመኝ ይባላል። «ግጥም ብሎ ሞላ» ስንል ደግሞ ለአንዲት ጠብታ እንኳን ቦታ አልቀረም ማለታችን ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለገጣሚው ሥራ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በሚገባ የተሠራ ስንኝ አንድ ቃል ቢጨመርበት ይፈሳል፣ አንድ ቃል ቢነሣበት ይጎድላል።

«ቅኔ» ከግእዙ «ቀነየ» ይወጣል፤ ትርጉሙም ገዛ፣ አስገዛ ማለት ሲሆን «ተቀንየ» ሲል ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። በመዝሙረ ዳዊት 2፥11 «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሀት» የተባለው በዚሁ ፍቺ ነው። አማርኛው «ተቀኘ» የተገኘው «ነ» እና «የ» ተዋሕደው «ኘ» በመሆናቸው ነው። እንግዲህ ቅኔ በመሠረቱ መገዛት፣ ማገልገል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ለአምላክ የሚቀርብ የቃል አገልግሎት በመሆኑም ይህን ስም ይዞ ኖሯል። ብዙ ሰው «ቅኔ» ማለት የተሰወረ ንግግር ማለት ይመስለዋል፤ መሰወሩ ግን የአሠራሩ ጠባይ እንጂ የቃሉ ፍቺ አይደለም።

የስያሜው መንፈስ በቅኔ ዓይነቶች ስም ላይም ይታያል። ባለ 8 ቤቱ፣ ማለትም ባለ 8 መሥመሩ «መወድስ» ከ«ወደሰ»፣ ማለትም ከአመሰገነ የወጣ ነው። ባለ 2 ቤቱ «ጉባኤ ቃና» ሲጠራ የብዙዎቻችን ጆሮ ጣዕምን ወይም የዜማን ለዛ የሚያመለክተውን አማርኛውን «ቃና» ይሰማል፤ ስሙ ግን የሚያያዘው ሰርግ ከተደረገባት ከገሊላዋ ቃና ጋር ነው።

የቀሩትን ቃላት በሥራ ላይ ማየት ስለሚሻል ለማሳያ ያህል ይህችን ገጥሜአለሁ፦

ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ ጾሙ ተፈታና፣
የእኔም ተስፋ ይኸው፣ ዛሬም ሆነ ገና።

እያንዳንዱ መሥመር አንድ ስንኝ ነው፤ ስንኙ መካከል ላይ በዕረፍት ተከፍሎ ሁለት ሐረግ ይሆናል። «ሐረግ» በዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ነው። ከዚያ ተነሥቶ በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ የሚሣለው የተጠላለፈ ጌጥ፣ ትውልድን ከትውልድ የሚያያይዘው የዘር ሐረግ፣ እንዲሁም በሰዋስው የቃላት ቅንጅት በዚሁ ስም ተጠርተዋል። በሁሉም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፤ ብቻውን የማይቆም፣ ሌላውን ተደግፎ የሚረዝም ነገር። የግጥም ሐረግም ጓደኛው ሳይከተለው ስንኝ አይባልም።

የሐረጉ ልክ የሚቆጠረው በቀለም ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ሰው/ሁል/ሉ/ደስ/አ/ለው ብለን ብንከፍለው 6 ቀለም ይወጣዋል፤ እንዲህ 6 በ6 የሆነው ምጣኔ «የወል ቤት» ይባላል። 5 በ5 የሆነው «ሰንጎ መገን»፣ 4 በ4 የሆነው «ቡሄ በሉ» ነው። «ቀለም» ረጅም መንገድ የተጓዘ ቃል ነው። በግሪክ «ካላሞስ» ሸምበቆ ነው፤ በዐረብኛ «ቀለም» መጻፊያው ብዕር ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ስሙ ከብዕሩ ወደ ተነከረበት ፈሳሽ ተሻግሮ፣ ከዚያም የተጻፈውን ፊደልና ትምህርትን ራሱን እስከ መያዝ ደረሰ። የተማረውን ሰው «ቀለም የቀመሰ» የምንለው ለዚህ ነው። በግጥም ግን የሚቆጠረው የተጻፈው ፊደል ሳይሆን በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ ስለሆነ፣ «ሰው» በ2 ፊደል ተጽፎ 1 ቀለም ብቻ ይሆናል።

ሁለቱም ስንኞች በ«ና» በማለቃቸው ቤት መቱ እንላለን። «ቤት» እዚህ ላይ የመጨረሻው ድምፅ ነው፤ በግእዝ ቅኔ ግን ቤት ራሱ መሥመሩ ነው፤ «የወል ቤት» ስንል ደግሞ ምጣኔውን መጥራታችን ነው። ዐረብኛም የግጥም መሥመሩን «በይት»፣ ቤት፣ ይለዋል።

ኅብሩ፣ ማለትም ሁለቱን ፍቺ በአንድነት የያዘው ቃል፣ «ገና» ነው። «ኅብር» ከ«ኀበረ»፣ አንድ ሆነ ከሚለው ይወጣል፤ «ማኅበር» እና «ኅብረት» ወንድሞቹ ናቸው። «ና» ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ይሆናል፤ የእኔም ተስፋ ዛሬ እንደ በዓሉ ደረሰ ማለት ነው፤ ይህ ሰሙ ነው። ላልቶ ሲነበብ ተስፋው ዛሬም አልደረሰም፣ ገና ነው፤ ይህ ወርቁ ነው። «ሰምና ወርቅ» የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው፤ አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በባዶው ቅርጽ ውስጥ ወርቁን ይሞላል። ብዙ ጊዜ ሰሙ እንደ መሸፈኛ ብቻ ሲነገር እሰማለሁ፤ በአንጥረኛው አሠራር ግን ለወርቁ ቅርጽ የሚሰጠው ሰሙ ነው፤ ሰሙ ከተበላሸ ወርቁም ጎባጣ ሆኖ ይወጣል።

በመጨረሻ ስለ ግሦቹ። «ስንኝ ቋጠረ» እና «ቅኔ ቆጠረ» ሲምታቱ ይታያል። የመጀመሪያው መቋጠር፣ ማሠር ነው። ሁለተኛው የቅኔ ቤት፣ ማለትም የቅኔ ትምህርት ቤት ቃል ነው፤ ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ ቃሉን እየመዘነ ቅኔውን የሚያዘጋጅበት ሥራ ቆጠራ ይባላል፤ የተካነው ባለቅኔ በጉባኤ ፊት ወዲያው ሲያወርደው ደግሞ «ዘረፈ» ይባላል፤ ይህም በቅኔ ቤት የምስጋና ቃል ነው። የሰሚው ድርሻ «መፍታት» ነው፤ «ፍቺ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ይወጣል፤ ስለዚህ «ስንኝ ቋጠረ» ለሚለው ትክክለኛ ተቃራኒው «ቅኔ ፈታ» ነው።