አንድ ዓይነት ኦፕሬሽን፣ አንድ ዓይነት ኦርደር፤ ለሴቷ ማስታገሻ ይጨመርላት?

ጥያቄ፦ የሰርጂካል ዋርድ ነርስ

ሰላም ለሁላችሁም። የትርፍ አንጀት ኦፕሬሽን የተሠሩ ሁለት ሕሙማን አሉ። ወንዱ 34 ዓመቱ፣ 68 ኪሎ፤ ሴቷ 29 ዓመቷ፣ 52 ኪሎ። የሁለቱም ኦርደር (ሐኪሙ የጻፈው የመድኃኒት ትእዛዝ) አንድ ነው፦ ትራማዶል 50 ሚ.ግ. በየ8 ሰዓቱ፣ ዳይክሎፌናክ 75 ሚ.ግ. በየ12 ሰዓቱ፣ ሁለቱም «ሲያስፈልግ»። እሱ ዝም ብሎ ተኝቷል። እሷ ትራማዶል ከተሰጣት 5 ሰዓት ሆኗታል፤ ሕመሟን ከ10 ስምንት ትላለች፣ ያቅለሸልሻታልም። ተረኛው «ታካብዳለች» ብሎ አልፏታል። ሴቶች የበለጠ ማስታገሻ ይፈልጋሉ የሚባለው እውነት ነው? ከሆነስ ምን ያህል ልጠይቅላት?

መልስ፦ የአኔስቴዥያ ባለሙያ

እህቴ፣ ከጾታው በፊት ኦርደሩን እዪው። ትራማዶል የሚሠራው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። በየ8 ሰዓቱ ሲታዘዝ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያለ መድኃኒት ይታለፋል፤ እሷም አሁን ያለችው እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል። «ሲያስፈልግ» የሚለው ደግሞ ድምፅ ላሰማ ብቻ የሚሰጥ ኦርደር ነው።

ምንም ከመጨመርሽ በፊት ስምንት ያለችበትን ምክንያት ፈልጊ። የልብ ምት፣ ደም ግፊት፣ ሙቀት፣ የሽንት መጠን ለኪ፤ ፋሻውን ገልጠሽ ቁስሉን እዪ፤ ሆዷን ዳሰሽ ጠንክሮ ካገኘሽው ሐኪም ጥሪ። የሚደማ ወይም ኢንፌክሽን የያዘው ሆድ በትራማዶል አይታከምም።

ይህ ከሌለ ሐኪሙን እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፦ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ ሳትጠየቂ የሚሰጥ (ከ50 ኪሎ በታች ቢሆን 15 ሚ.ግ. በኪሎ)። ዳይክሎፌናክ 75 ሚ.ግ. በጡንቻ በየ12 ሰዓቱ፣ ይኸም በሰዓቱ፤ በቀን ከ150 አይለፍ። የኩላሊት ችግር፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም መድማት ካለ ይቅር። አስም ካለባት አስፕሪን ወይም ዳይክሎፌናክ ቀስቅሶባት እንደሆነ ጠይቂ። ትራማዶሉ ከ50 እስከ 100 ሚ.ግ. በየ6 ሰዓቱ ይሁን፣ በቀን ከ400 ሳያልፍ። በደም ሥር ስትሰጪ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ወስደሽ ግፊ፤ በአንዴ ሲገፋ ያስመልሳል። ከዚያም አልፎ ካመማት ሞርፊን በደም ሥር 2 ሚ.ግ.፣ 5 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና። እንቅልፍ ከጣላት ወይም ትንፋሿ በደቂቃ ከ10 ከወረደ አቁሚ፤ የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን ቅርብ ይሁን።

ወደ ጥያቄሽ፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ሴቶች ከማደንዘዣ እንደነቁ ከወንዶች እኩል ሕመሙ እንዲቀንስላቸው 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሞርፊን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ሕሙማን ራሳቸው ቁልፍ ተጭነው ሞርፊን በሚወስዱባቸው ጥናቶች ግን ወንዶች የበለጠ የወሰዱባቸው አሉ። ስለዚህ «ሴት ስለሆነች 30 በመቶ ጨምር» የሚል ኦርደር አትጠብቂ። ሴት መሆኗ የሚነግርሽ ቶሎ ሄደሽ እንድትጠይቂያት ነው። መጠኑን የምትነግርሽ ራሷ ናት።

አስተያየት፦ የጤና መኮንን

በኪሎ ካሰላችሁት እኮ እሷ ናት የበለጠ የወሰደችው። 50 ሚ.ግ. ለ52 ኪሎ 0.96፣ ለ68 ኪሎ 0.74 ሚ.ግ. በኪሎ ነው። ታዲያ ይኸ የጾታ ልዩነት ካልሆነ ምንድን ነው?

መልስ፦ የአኔስቴዥያ ባለሙያ

ስሌቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ለአዋቂ ሰው የሞርፊንን ፍላጎት ከኪሎ ይልቅ የሚተነብየው ዕድሜ ነው። በግርድፉ የመጀመሪያው ቀን ፍላጎት በሚ.ግ. 100 ሲቀነስ ዕድሜ ነው፤ ለ30 ዓመት ሰው 70፣ ለ70 ዓመት ሰው 30 ገደማ። በአንድ ዕድሜ ባሉ ሰዎች መካከል እንኳ ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ይኸ መነሻ እንጂ ኦርደር አይደለም። ከሁለት ሕሙማን ተነስቶ ስለ ጾታ መደምደምም አይቻልም።

መልስ፦ ፋርማሲስት

ለትራማዶል ከጾታ የበለጠ የሚያሳስበው ጂን ነው። መድኃኒቱ ብርቱ ማስታገሻ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ሲቀይረው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነበራቸው። እነዚህ መድኃኒቱን በፍጥነት ስለሚቀይሩት በተለመደው መጠንም ከልክ በላይ ሊያደነዝዛቸውና ትንፋሻቸውን ሊያዳክም ይችላል። ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ደግሞ እምብዛም አይሻላቸውም። ወንድም ሴትም እኩል ነው። የመጀመሪያውን ዶዝ ሰጥታችሁ በ30 ደቂቃና በአንድ ሰዓት ተመልሳችሁ እዩ።

ማቅለሽለሹን በተመለከተ፣ ሴት መሆን፣ አለማጨስ፣ ከዚህ በፊት በኦፕሬሽን ወይም በመኪና ማስመለስ፣ ከኦፕሬሽን በኋላ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ትራማዶል ያለ ማስታገሻ) መውሰድ አራቱ ዋና ምክንያቶች ናቸው። ሁለት ካላት 40፣ ሦስት ካላት 60፣ አራቱም ካሏት 80 በመቶ ገደማ የማቅለሽለሽ ወይም የማስመለስ ዕድል አላት። ከማቅለሽለሽ መድኃኒቶቹ ኦንዳንሴትሮን ስትሰጪ የትራማዶሉን ኃይል እንደሚቀንስ እወቂ። ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚ.ግ. ይቻላል፤ ወጣት ሴቶች ላይ ግን አንገትና መንጋጋ ማጣመሙ ስለሚበዛ ቀስ ብለሽ ስጪ። ዴክሳሜታሶን ለነቃ ሰው በፍጥነት ከተገፋ ብልት አካባቢ ኃይለኛ ማቃጠል ያመጣል፤ ይኸም ሴቶች ላይ ይበዛል።

መልስ፦ የማገገሚያ ክፍል ነርስ

ስለዚያ ዝም ስላለው ሰውዬ ማንም አላነሳም። ተኝቶ ሳለ «አመመህ?» ስትይው «ደህና ነኝ» ይላል። ቁስሉን በትራስ ደግፎ እንዲያስልና ከአልጋው እንዲነሳ ጠይቂው፤ ቁጥሩን ያን ጊዜ ጻፊ። ማሳል ካልቻለ ማስታገሻው አልበቃውም፤ አክታው ሳንባው ውስጥ ይቀራል። በወገብ ማደንዘዣ ከተሠራ ፊኛውንም ዳሺ። ሽንት መቋጠር ወንዶች ላይ፣ በተለይ በዕድሜ በገፉት፣ ይበዛል፤ ሕመሙ የቁስል ይመስላቸዋል።

ጥያቄ፦ የሰርጂካል ዋርድ ነርስ

አመሰግናለሁ፣ ኦርደሩን አስቀይራለሁ። በኦፕሬሽን የወለደች የምታጠባ እናት ብትሆንስ?

መልስ፦ ፋርማሲስት

የወገብ ማደንዘዣው ሳይለቃት ፓራሲታሞልና ዳይክሎፌናክ በሰዓቱ ይጀመሩላት፤ ሁለቱም ለሚጠባ ሕፃን የሚስማሙ ናቸው። እናቶች ትራማዶል ወይም ኮዴይን (ሌላ ኦፒዮይድ) በሚወስዱበት ጊዜ እንዳያጠቡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል፤ ከላይ ያልኩት ጂን ተጨማሪ ቅጂ ያላት እናት ወተት ውስጥ ብዙ ሊገባ ስለሚችል። የግድ አንድ ዶዝ ከተሰጠ ሕፃኑን ተከታተሉት፦ ለመጥባት የማይነቃ፣ የዛለ ወይም ትንፋሹ የደከመ ከሆነ ሳትቆዩ ለሕፃናት ሐኪም ይታይ። ፔቲዲን የሚባለው ኦፒዮይድ ግን አይደጋገም፤ ኖርፔቲዲን የሚባለው ቅሪቱ ሕፃኑ ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል።