የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ድምፅ ይጨመርለት ወይስ ዝም ይበል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ መኪኖች በዝተዋል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ የሞተር ድምፅ በድምፅ ማጉያ ማሰማት ጀምረዋል። ይህ ተገቢ ነውን?

አንደኛ ተከራካሪ፦ ተገቢ አይደለም። ማርሚታ የተሠራው ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣውን ድምፅ ለማፈን ነው፤ ማርሚታቸውን አስቀድደው በእኩለ ሌሊት በሰፈራችን የሚያልፉት ወጣቶች ሕፃናትንና ሕሙማንን ከእንቅልፍ ያስነሣሉ። የሞተር ድምፅ ፍቅር ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ይለወጣል።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ ልማድ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም መባሉን ግን አልቀበልም። አባቴ ቮልስ ነበራቸው። ከአስፋልቱ ወደ ኮረኮንቹ ሲታጠፉ ድምፁን ከሌሎቹ የሰፈር ቮልሶች ለይተን በሩን ልንከፍት እንሮጥ ነበር፤ ዛሬም ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። የሩሲያው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ እንዳሳየው፣ አንድ ድምፅ ከምግብ ጋር ደጋግሞ ከመጣ ብቻውን ምራቃቸውን ያመጣል፤ የእኔም ልብ እንዲሁ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን፣ ሰው የእግሩን ሥራ ውጤት ወዲያው ሲሰማ ማሽኑ በእጁ እንዳለ የሚሰማው መሆኑ ነው። በዚያ ቮልስ ላይ የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ሰዓት አልነበረም። አባቴ ዳገት ላይ ጆሯቸውን ጣል አድርገው፣ ድምፁ መጨነቅ ሲጀምር ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሽ ይቀንሱ ነበር። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ይህ ምት ይፈጥናል፣ ጆሮም እንደ ዜማ ከፍታ ይቀበለዋል። ህዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤን የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና በድምፅ ማጉያው የሞተር ድምፅ የሚያሰማውና የሌለውን የማርሽ ቅየራ የሚያስመስለው ይህን ለመመለስ ይመስለኛል። ከአሽከርካሪው እግር ጋር እስከወጣና እስከወረደ ድረስ ማታለያ ነው ብዬ አልጥለውም፤ ነገር ግን ከመኪናው ውስጥ አይውጣ።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦ ሁለታችሁም የተናገራችሁት ስለ ነጂውና ስለ ጎረቤቱ ነው፤ መንገድ የሚያቋርጠውን ረስታችኋል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት መኪና ከቆመችበት ወደ ኋላ ስትመጣብኝ የሰማሁት ጎማዋ ጠጠር ሲፈጭ ብቻ ነበር፤ በትሬን ገጭታ ቆመች። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድና ወደ ኋላ ሲመለስ ድምፅ እንዲያሰማ ሕጉ ያስገድዳል፤ ከዚያ በላይ የጎማውና የነፋሱ ድምፅ ያስታውቀዋል። ስለዚህ ድምፁ ከመኪናው ውስጥ አይውጣ የሚለውን አልስማማበትም። ለእኔ ድምፁ ደስታ ሳይሆን መኪናዋ ከየት እንደምትመጣና እየፈጠነች መሆኗን የማውቅበት ዓይኔ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦ እውነት ነው፤ «ከመኪናው ውስጥ አይውጣ» ያልሁትን አነሣለሁ።

አንደኛ ተከራካሪ፦ እኔም በዝግታ ለሚሄድ መኪና ይህን እቀበላለሁ፤ እንዲያውም እኛም አገር በሕግ ይደንገግ እላለሁ። የተቀደደውን ማርሚታ ግን አሁንም እቃወማለሁ፤ በሌሊት ያን ያህል ድምፅ ለማንም እግረኛ አያስፈልግም።