ለትናንሽ ዓሦች የመጀመሪያዬን ፍላይ ሮድ ልገዛ ነው፣ የትኛውን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የማጠምደው በተራ ዘንግ፣ በትልና በመንጠቆ ነበር። አሁን ፍላይ፣ ማለትም በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ፣ ልጀምር ቆርጬያለሁ። የምሄድበት ወንዝ ጠባብ ነው፣ ሰፋ ያለው ቦታ እንኳ 6 ሜትር ቢሆን ነው፣ ግራና ቀኙ ዛፍና ቁጥቋጦ፣ ዓሦቹም ከመዳፌ እምብዛም አይበልጡም። ዘንጎቹ ላይ ግን ቁጥር አያለሁ፤ 3፣ 5፣ 8 ይላል። አንዱ «ትልቁን ቁጥር ያዢ፣ አይሰበርም» አለኝ። ሌላው ደግሞ ዘንጉን ተዪው፣ ገንዘብሽን ሪሉ (ክር መጠቅለያው) ላይ አውጪ ይላል። ግራ ገባኝ። ቁጥሩ ምንድን ነው? ርዝመቱስ? ሪሉ እውነት ያን ያህል ወሳኝ ነው?

መልስ፦ ወንዝ ዳር

እህቴ፣ ቁጥሩ የሚነግርሽ ዘንጉ ምን ያህል ክብደት ያለው ክር እንዲወረውር እንደተሠራ ነው። በተራ ዘንግ የምትወረውሪው ክሩ ላይ የታሰረውን የእርሳስ ክብደት ነው፣ ክሩ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። በፍላይ ግን ሰው ሠራሿ ዝንብ ላባና ፈትል ናት፣ ክብደት የላትም፤ ስለዚህ የምትወረውሪው ክሩን ራሱን ነው፣ ዝንቧ ተከትላ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ክሩ ወፍራምና ከበድ ያለ የሆነው። የፊተኛው 9 ሜትር ገደማ ተመዝኖ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥር 3 ወደ 6.5 ግራም፣ ቁጥር 4 ወደ 7.8፣ ቁጥር 5 ወደ 9 ግራም ይመዝናል። ቁጥር 4 ዘንግ ከገዛሽ ቁጥር 4 ክር ትገዣለሽ፣ በቃ።

8 ለትልልቅ ዓሣና ለኃይለኛ ነፋስ ነው። መዳፍ የምታክል ዓሣ በ8 ብትይዢ ዘንጉ ንቅንቅ ስለማይል መያዟን እንኳ በቅጡ አይሰማሽም፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቀጭን ክር ደግሞ ስትስቢ ትበጥሺዋለሽ። አይሰበርም ያለሽም ልክ አይደለም። ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው በር ሲዘጋበት፣ ሲረገጥ፣ ወይ ዓሣ በጫፉ ተንጠልጥሎ ሲነሳበት ነው። እኔ ብሆን 4 ነው የምይዘው።

መልስ፦ ለስላሳ ዘንግ

እኔ ደግሞ 3 እላለሁ፣ ያውም ፋይበርግላስ፣ 7 ጫማ፣ ማለትም ወደ 2.1 ሜትር። ፋይበርግላስ ቀስ ብሎ እስከ እጀታው ድረስ ይታጠፋል። እንዳንቺ ባለ ጠባብ ወንዝ ላይ የምትወረውሪው 5 ወይ 6 ሜትር ክር ብቻ ነው፣ ፈጣንና ደረቅ የሆነ የካርቦን ዘንግ ደግሞ በዚያች አጭር ክር አይታጠፍልሽም፣ እንጨት የያዝሽ ነው የሚመስልሽ። ለስላሳው ግን ክሩ ሲዘረጋ እጅሽ ላይ ይታወቅሻል፣ መቼ መግፋት እንዳለብሽ ራሱ ይነግርሻል። ትንሿም ዓሣ ብትሆን እስከ እጀታው ታጥፈዋለች። ያንን ደስታ በወፍራም ዘንግ አታገኚውም።

መልስ፦ ሐይቅ ወዳድ

ነገ ሐይቅ ላይ መሄድሽ ስለማይቀር እኔ ቁጥር 5፣ 9 ጫማ እልሻለሁ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በሱ ነው፣ ነፋስም ይችላል። 3 ቁጥር ነፋስ ሲመጣበት ክሩ ፊትሽ ላይ ነው የሚመለሰው። ግን እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወንዝ ሌላ የማትሄጂ ከሆነ 2.7 ሜትር ዘንግ ቅርንጫፍ ውስጥ እየገባ ያሰለችሻል። ለዚያ ወንዝ ብቻ ከሆነ «ወንዝ ዳር» ባለሽ 4 ቁጥር እስማማለሁ።

ጀማሪዋ

አመሰግናለሁ፣ ቁጥሩ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ግን ቀረ። ከኋላዬ ዛፍ ነው፣ ክሩን ወደ ኋላ ልዘርጋው ብል ይጠመጠማል። እንዴት ነው የምወረውረው? የሪሉንም ነገር ማንም አልመለሰልኝም።

መልስ፦ ጋሼ ክሩ

ልጄ፣ ሪሉ ለትንሽ ዓሣ ክር ማስቀመጫ ነው። ትንሽ ዓሣ ክር ይዞ አይሮጥም፣ በግራ እጅሽ ክሩን እየጎተትሽ ነው የምታወጪው። ቀላል፣ ዘንጉ ላይ ሲገጠም እጅሽን ወደ ታች የማይጎትት፣ በደንብ የሚዞር ከሆነ ይበቃል። ብር የሚወጣው ክሩ ላይ ነው። መጥፎ ክር ጥሩ ዘንግ ያበላሻል፣ ጥሩ ክር ግን ርካሹን ዘንግ ያስወረውረዋል። እኔ ለዓመታት ተቃራኒውን አድርጌ ስለነበር ነው አጥብቄ የምነግርሽ። ማሸጊያው ላይ «ደብልዩ ኤፍ 4 ኤፍ» የሚል ፈልጊ፦ ፊቱ ከበድ ያለ፣ ቁጥር 4፣ ተንሳፋፊ ማለት ነው። ከሱ ጫፍ ላይ ዝንቧ የምትታሰርበት፣ እየቀጠነ የሚሄድ 2.3 ሜትር ያህል ክር፣ ሊደር የሚሉት፣ ጫፉ 5 ኤክስ፣ ውፍረቱ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ። የመንጠቆ ቁጥር ደግሞ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ ከ10 እስከ 14 ያለው ይበቃሻል።

ዛፍ ላለበት ቦታ ሮል ካስት የሚባለውን ተማሪ። ክሩ ፊት ለፊትሽ ውሃው ላይ ተዘርግቶ ሳለ ዘንጉን ቀስ አድርገሽ ወደ ኋላ ታነሺዋለሽ፣ ክሩ ትከሻሽ አጠገብ ወደ ኋላ ሆድ አውጥቶ እስኪንጠለጠል ትቆሚያለሽ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትመቺና ድንገት ታቆሚዋለሽ። ክሩ ውሃው ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ከኋላሽ የሚጠመጠም ነገር የለም። ሣር ላይ ብትለማመጂው ግን አይሠራልሽም፣ ክሩን ይዞ ዘንጉን የሚያሳጥፈው ውሃው ነው።

ተራውን ውርወራ ሣር ላይ ተለማመጂ፣ በመንጠቆ ፈንታ ቁራጭ የሱፍ ክር አስረሽ። ወደ ኋላ ስትወረውሪ ክሩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ጠብቂ። እንደ ጅራፍ ከጮኸ ቸኩለሻል፣ ዝንቧም ትበጠሳለች። ወንዝ ስትወርጂ መነጽር አድርጊ፣ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቂው፤ ዓሣውም በቀላሉ ይለቀቃል፣ እጅሽም ላይ ቢገባ ይወጣል። ሰማይ ካጉረመረመ ዘንጉን አስቀምጠሽ ውጪ፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ጀማሪዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጥር 4፣ 7 ጫማ ተኩል፣ መካከለኛ የሚታጠፍ፣ ክሩ ጥሩ፣ ሪሉ ቀላል። ዘንጉ ባለ 4 ቁራጭና ባለ 2 ቁራጭ አለ፣ ለውጥ አለው?

መልስ፦ ወንዝ ዳር

ውርወራው ላይ የሚታይ ለውጥ የለውም። ባለ 4 ቁራጩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ እሱን ያዢ። ስትገጥሚ ክሩ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች በአንድ መስመር መሆናቸውን በአንድ ዓይንሽ እያየሽ አስተካክዪ፣ ዓሣ እያጠመድሽም በየግማሽ ሰዓቱ መገጣጠሚያዎቹን ነካ ነካ አድርጊ፤ ሲላላ ዘንጉ የሚሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው። ጫካ ውስጥ ስትሄጂ ደግሞ ጫፉን ወደ ኋላ አድርገሽ ያዢው።